ልብስ የማይሰጣበት ሽቦ

ሽማግሌው አራቱን ብሎኖች ፈትተው የራዲዮውን ክዳን ሲያነሡልኝ ማየት ነበረብኝ። እኔ ግን አሸተትኩት። አፍንጫዬን ሽቦዎቹ ድረስ አስጠግቼ ሳብ አደረግሁ። ሰውየው ሣቁ። «የተቃጠለ ትራንስፎርመር ሽታው ዓመት አይለቅም» አልኳቸው፣ አዋቂ ለመምሰል። እውነትም አይለቅም። ያሸተትኩት ግን ለዚያ አልነበረም፤ ያገለገለ ራዲዮ በአፍንጫ በሚገዛበት ቤት ስላደግሁ ነው።

የሸተተኝ የሞቀ አቧራ ነበር። አቧራ ሲሞቅ የራሱ ጠረን አለው፤ ቆሎ ከወረደለት ምጣድ ብዙም አይርቅም። ከሥሩ የቆየ ሰም፣ ትንሽ ዝገት። ሜሪላንድ ሜዳ ላይ በበጋ ፀሐይ እንደቆምሁ ጎጃም፣ ደብረ ወርቅ ደረስሁ፤ ከአባዬ የስፌት መኪና በላይ ከነበረችው መደርደሪያ ሥር።

ሜዳው የአማተር ራዲዮ ሰዎች፣ ከቤታቸው በራዲዮ ከሩቅ ሰው ጋር የሚነጋገሩት፣ በዓመት አንድ እሑድ አሮጌ ዕቃቸውን የሚሻሻጡበት ነው። የመኪናቸውን የኋላ በር ከፍተው ሸራ ያነጥፋሉ፤ ያገለገለ ራዲዮ፣ ማይክሮፎን፣ ጥቅል ገመድ፣ ለምን እንደሚያገለግል ባለቤቱ ራሱ የረሳው ብረት። ምናለሽ ተራን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ ነገር የለውም፤ ልዩነቱ ሻጮቹ አብዛኞቹ ሰባን ያለፉ ሽማግሌዎች መሆናቸው፣ ከገንዘቡም ይልቅ ወሬውን መፈለጋቸው ነው። የገዛሁት ኬንውድ ቲኤስ 520 ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጃፓን የተሠራ፣ 16 ኪሎ ገደማ የሚመዝን። እኩያዬ ነው። ድምፅ ሲልክ ሥራውን የሚሠሩለት እንደ አምፖል የሚግሉ ሁለት የመስታወት ቫልቮች ናቸው። ጀማሪ ባለ ቫልቭ አይግዛ ይባላል፤ ምክንያትም አለው። ውስጡ ሰው የሚገድል ቮልት አለ፤ ሞገድ በቀየርህ ቁጥርም ሁለት ቁልፎች እያዞርህ ከአንቴናው ጋር ማስማማት አለብህ። ይህን ሁሉ አንብቤ ነበር የሄድሁት። ሽታው አሸነፈኝ።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነበር። ፊሊፕስ ራዲዮውን በ1974 ዓ.ም. የገዛው ወደ ሌላ አውራጃ ከተዛወረ መምህር ነው፤ እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ የመምህሩን በር ደግፌ ቆሜያለሁ። አባዬ ራዲዮን እንደ በሬ ነበር የሚገዛው። ከፊት አላየውም። ዞሮ የጀርባውን ክዳን አስከፈተና አሸተተ። ሻጋታ ከሸተተ ክረምት ገብቶበታል። ኮምጠጥ ካለ የባትሪ ድንጋዩ ፈስሶበታል። የአይጥ ሽንት ከሸተተ ሽቦው ተበልቷል፣ ባለቤቱ ግን አላወቀም። ቀጥሎ ቁልፎቹን አንድ በአንድ አዞረ። የድምፁ ቁልፍ ሲዞር ተንኮሻኮሸ። «ይቺ ጉልበቷን ታማለች» አለ። መምህሩ ቅር አለው፤ ቢሆንም ሰባ ብርና የአንድ ኮት ስፌት ተስማሙ። ኮቱ ተሰፍቶ እስኪያልቅ መምህሩ ሁለት ጊዜ ሊለካ መጣ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከመለካቱ በፊት ራዲዮውን ከፍቶ አዳመጠ።

እኔም ሜሪላንድ ላይ ቁልፎቹን አንድ በአንድ አዞርኳቸው። አንዱ ተንኮሻኮሸ። አሁን ምክንያቱን አውቃለሁ፤ በቁልፉ ውስጥ ያለው መንሸራተቻ አቧራ ሲይዘው ነው፣ በትንሽ መርጫ ይጸዳል። ሽማግሌው ራዲዮውን ከሞገድ ይልቅ ሙቀት ብቻ ከሚያወጣ ሐሰተኛ አንቴና ጋር አገናኝተው ኃይሉን አሳዩኝ፤ መርፌዋ ተነሣች። ያገለገለ ራዲዮ የሚሸጥ ሰው ይህን ለማሳየት ካመነታ ተነሥቶ መሄድ ነው። በሬውን ሳያስነሣ የሚሸጥ ማን ነው?

ፊሊፕሱ ቤት ሲገባ ከእኛ ይልቅ የጎረቤት ደስታ በለጠ። ትልቁ ችግር ድንጋይ ነበር። አራት ድንጋይ ይበላል፤ ድንጋይ ደግሞ ውድ ነው። ሲደክሙ እናቴ ከበርበሬው ጎን ሰፌድ ላይ ታሰጣቸዋለች፤ ፀሐይ የጠጣ ድንጋይ አንድ ሁለት ምሽት ይጨምራል። የሰው ልጅ ዜና ለመስማት ድንጋይ ፀሐይ ላይ እንደሚያሰጣ ለልጆቼ ስነግራቸው የተረት መስሏቸው ሣቁ።

ጣቢያን በስሙ የሚጠራ አልነበረም፤ በአገር ነው። «ዛሬ ጀርመን ምን አለ?» ይባላል። ዶይቼ ቬለ በአማርኛ መናገር የጀመረው መጋቢት 1957 ዓ.ም. ስለሆነ ጀርመን የቆየ ዘመድ ነበር። አሜሪካ፣ የአሜሪካ ድምፅ ማለት ነው፣ የመጣው በኋላ፣ መስከረም 1975 ዓ.ም.፣ ራዲዮው ቤታችን በገባ በዓመቱ ነው። እነዚህ ሁለቱ ዝግ ባለ ድምፅ ይደመጣሉ፤ አባዬ ራዲዮውን ከመደርደሪያው አውርዶ ያልተሰፋ ጨርቅ ክምር ውስጥ ይከተዋል። የአገር ቤቱ ጣቢያ ግን ደጅ ድረስ ይጮኻል። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን ሲተርክ ቤታችን ሰው አይይዝም ነበር። ታሪኩ ያለበት ዲማ ጊዮርጊስ እኮ ጎረቤታችን ነው። የራዲዮው ዲማ ከሚያውቁት ዲማ ጋር ያልገጠመላቸው ሰዎች ወጋየሁን ያርሙታል፤ «በዚያ በኩል አይወጣም!» ይሉታል ራዲዮውን፣ በጣታቸው እየጠቆሙ። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ የዚያ አገር ልጅ መሆኑን የሚያስታውስ ደግሞ «ዝም በሉ፣ ከናንተ የበለጠ ያውቀዋል» ይላል።

ፊሊፕሱ የራሱ ተስቦ የሚረዝም አንቴና ነበረው። አሜሪካ ግን በዚያ በደንብ አይያዝም፤ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ወሳኙ ቃል ላይ ይሰጥማል። ከብቸና የመጣ የጭነት መኪና መካኒክ ነው ሽቦ ዘርጋ ያለው። ከተቃጠለ ዲናሞ የተፈታ ቀጭን መዳብ ሰጠው። አባዬ በልብስ ሜትሩ እየለካ ከቤቱ ጫፍ እስከ ባሕር ዛፉ ዘረጋው። መዳቡ ዛፉን እንዳይነካ የተሰበረ የአረቄ ጠርሙስ አንገት በመሐል አስገባ። በሌላው ወገን የተበላ ማረሻ መሬት ቀበረና ሽቦ አሰረበት፤ በበጋ እናቴ የእግር ውኃ እዚያ ላይ እንድትደፋ ታዘዘች፤ መሬቱ መርጠብ አለበት። ይህን ሁሉ ለምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ልክ ነበር ግን። ዛሬ ያነበብኋቸው የጀማሪ መጻሕፍት ያንኑ ነው የሚሉት፤ ረጅም ሽቦ፣ ከፍ ብሎ፣ ከዛፍ ተነጥሎ፣ ጥሩ መሬት።

የመጀመሪያው ማታ ዋሽንግተን ጨርቁ ክምር ውስጥ የተቀመጠ ሰው ያህል ቀረበ።

እናቴ በነጋታው ነጠላዋን አጥባ አሰጣችበት። ለሷ ደጃፍ ላይ የተዘረጋ ሽቦ ሌላ ትርጉም የለውም፤ ጥሩ የልብስ መስጫ እግዚአብሔር ሰጣት። ማታ ጀርመን ታፈነ። ሽቦው በእርጥብ ጋቢና በሁለት ቀሚስ ተጎብጦ ሣሩን ሊነካ ነው። አባዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዕድሜው ሙሉ ከእናቴ ጋር የተጣላበት ትልቁ ነገር ይህ ነበር ብል አላጋነንሁም። «ልብስ የማይሰጣበት ሽቦ ምን ያደርጋል?» ትለዋለች። በሐምሌ ነጎድጓድ ሲሆን ደግሞ ተራው የሷ ነው፤ «መብረቅ ትጠራብናለህ፣ ፍታው!» አባዬ ካፖርቱን ደርቦ ወጥቶ ከራዲዮው ይነቅለዋል። በዚህኛው ልክ እሷ ነበረች።

ሽቦውን የጠሉት እሷና መብረቁ ብቻ አልነበሩም። አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀ መንበር ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ዓይኑን ከባሕር ዛፉ እስከ ጣሪያው አስኬደና «ከማን ጋር ነው የምታወራበት?» አለ። አባዬ መርፌውን አፉ ውስጥ እንደያዘ «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ይሄ ጆሮ ነው፤ አፍ የለውም» አለው። ሰውየው ሣቀ፣ ሱሪውንም ወሰደ። ማታ ግን አሜሪካ አልተከፈተም፤ በማግሥቱም አልተከፈተም።

ያቺ መልስ ስንት ዓመት ቆይታ ትዝ እንዳለችኝ ልናገር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ላይ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ተቋረጠ። እናቴን የማያት በልጅ ልጇ ስልክ ስለነበር እሱ ጠፋ። መደበኛው ስልክ አንዳንዴ ይጠራል፣ ብዙ ጊዜ አይጠራም። የምኖረው ከዋሽንግተን የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፤ ልጅ ሆኜ ጨርቅ ውስጥ የሰማሁት ድምፅ ይወጣበት በነበረው ሕንጻ አጠገብ፣ በኢንዲፔንደንስ ጎዳና፣ ስንት ጊዜ በአውቶቡስ አልፌያለሁ። ድሮ እኛ እዚያ ሆነን ይህን ቦታ እንሰማው ነበር፤ አሁን እዚህ ሆኜ ያንን ቦታ መስማት አልቻልሁም። ሽቦው ወደ አንድ ወገን ብቻ ይሠራ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። አፍ የለውም ያለው አባዬ ሊቀ መንበሩን ለማሳሳቅ መስሎኝ ነበር።

ራዲዮ መግዛቴ እናቴን የሚረዳት ነገር አልነበረም፤ ደብረ ወርቅ ላይ የሚመልስልኝ ሰው የለም። በአገራችን እንዲህ ያለውን ራዲዮ መያዝ ፈቃድ ይጠይቃል። በደርግ ዘመን ጸጥ ብሎ የነበረ ነገር ነው፤ ዛሬ አዲስ አበባ አምስት ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ ኢቲ3ኤኤ የሚባል የክበብ ጣቢያ አለ። በዓለም ዙሪያ ያሉ አማተሮች ይህን ስም ሲሰሙ ሥራቸውን ጥለው ይሮጣሉ፤ ኢቲ ብሎ የሚጀምር ጥሪ ብርቅ ነውና። እኔ ይህን ካወቅሁ በኋላ ነው ለአሜሪካው የአማተር ፈቃድ ፈተና የተቀመጥሁት። 35 ጥያቄ ነው፣ 26 ያገኘ ያልፋል፤ በ14 ሜጋኸርዝ በድምፅ ለመናገር ሁለተኛውን ደረጃም ማለፍ ያስፈልጋል። ድሮ የሞርስ ኮድ ግዴታ ነበር፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2007 አስቀርታዋለች። ለኔ ያቺ ውሳኔ ከሰማይ የወረደች ናት።

አንቴና መምረጥ ከራዲዮው ይልቅ አሰቃየኝ። ሱቅ የሚሸጠው ሁሉ ያጓጓል፤ ቀጥ ብሎ የሚቆም ዘንግ አለ፣ ቦታ አይፈጅም ግን ሥሩ ላይ እንደ ሸረሪት እግር ሽቦ መዘርጋት ይፈልጋል፤ በረንዳ ላይ የሚቀመጥ ቀለበት አለ፤ በአንድ ጫፉ ብቻ የሚመገብ ሽቦ አለ። ሽማግሌው ሻጭ ግን ቁርጥ አድርገው ነገሩኝ፦ ገንዘብህን ለሣጥኑ አታውጣ፣ ሽቦህን ከፍ አድርግ። ዳይፖል ሥራ አሉኝ። ሁለት እኩል ሽቦ፣ መካከሉ ላይ ገመዱ ይገናኛል፣ በቃ። ማርኮኒም እ.ኤ.አ. በ1901 የአትላንቲክን ማዶ ለመስማት ኒውፋውንድላንድ ላይ ሽቦ በካይት ነው ያንጠለጠለው፤ ከአባዬ የሚለየው ባሕር ዛፍ ስላልነበረው ነው።

ስሌቱ የልብስ ሰፊ ልጅ አያስቸግርም። 142.5ን ለሜጋኸርዙ ታካፍላለህ፤ ለ14.2 ሲሆን አሥር ሜትር ገደማ፣ እያንዳንዱ ክንፍ አምስት አምስት። ችግሩ አቅጣጫው ነበር። ዳይፖል ከፍ ብሎ ከተሰቀለ የሚናገረው ወደ ጎኖቹ ነው፤ ወደ ጫፎቹ ብዙም አይሰማም። ካርታ ላይ ኢትዮጵያ ከዋሽንግተን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ናት። የልጄን ሉል አንሥቼ ክር ከዚህ እስከዚያ ስወጥር ግን ክሩ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተነሣና በአውሮፓ ላይ ዞሮ ወረደ፤ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ። ስንት ዓመት አገሬ በዚያ በኩል ናት እያልሁ የተሳሳተ ወገን ሳይ ኖሬያለሁ ማለት ነው።

የለካሁት በአባዬ ሜትር ነው። ከሞተ በኋላ አገር ቤት ስሄድ ከስፌት መኪናው መሳቢያ ያወጣኋት ቢጫ የጨርቅ ሜትር፣ ቁጥሮቿ ጠፍተው በግምት የሚነበቡ። ሽቦውን ሰቅዬ በመለኪያ ስፈትነው አንቴናው 14.2 ላይ መስማማት ሲገባው 13.8 ላይ ተስማማ። ግራ ገባኝ። ስሌቱን ሦስት ጊዜ አየሁት። በኋላ ሜትሯን ከብረት ሜትር ጎን ዘረጋሁ፤ አርባ ዓመት በሰው ወገብና ደረት ላይ ስትወጠር ኖራ በ150 ሳንቲ ሜትር ላይ አራት ሳንቲ ሜትር ተስባ ረዝማለች። ሽቦዬም በዚያው ልክ ረዝሟል። ቢያጥር ኖሮ አዲስ ሽቦ ፍለጋ እሄድ ነበር፤ ስለረዘመ ግን ከየጫፉ አሥራ አራት ሳንቲ ሜትር ቆረጥሁና አለቀ። አባዬ ጨርቅ ሲቆርጥ ሁልጊዜ አንድ ጣት የሚያስተርፈው ለዚሁ ነው፤ «የረዘመ ይቆረጣል፣ ያጠረ ግን እኔን ያስቆርጠኛል» ይል ነበር።

ሽቦውን የጎረቤት ዓይን እንዳያየው ጥቁር ቀጭን መርጫለሁ። አልሆነም። በሁለት ሳምንቱ ከሰፈሩ ማኅበር ደብዳቤ መጣ፤ በዛፎቹ መካከል ያለው ክር ምንድን ነው? አሜሪካን አገር ላይ በቀበሌ ተጠየቅሁ። የአባዬን መልስ ልመልስ ፈልጌ ነበር፤ ይሄኛው ግን አፍ አለው፤ መዋሸት ሆነብኝ። በመጨረሻ ከቅጠሉ በላይ ከተወሰደ ችግር የለም ተባልሁ። የዛፍ ሠራተኛ ከፍዬ ከአሥር ሜትር በላይ አወጣሁት። እንዲያውም ይበልጥ ጠቀመኝ፤ ይህን አልጻፍሁላቸውም።

ያላሰብሁት ነገር ጫጫታው ነው። የመጀመሪያውን ማታ ራዲዮውን ስከፍት የሰማሁት ዓለምን ሳይሆን ሰፈሬን ነበር። የስልክ ቻርጀሩ፣ የደረጃው መብራት፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን፣ የፀሐይ ኃይል ማመንጫው፤ ሁሉም በየፊናው ይንጫጫል፣ መርፌዋ ያለ ምንም ጣቢያ እስከ መካከል ትወጣለች። ደብረ ወርቅ ማታ ኩራዝ ብቻ ነበር። ከጮቄ እስከ ዓባይ በረሃ ድረስ በሞገዱ ላይ የሚያንሾካሹክ አንዲት ማሽን የለም። ያ ተንኮሻኳሽ ሰባ ብር ራዲዮ፣ በማረሻና በአረቄ ጠርሙስ፣ ይህ በመቶዎች ዶላር የተገዛው የማይሰማውን ይሰማ ነበር። ድህነቱን አላሞግስም፤ እናቴ በዚያ ጨለማ ዓይኗን ጨርሳለች። የሰማዩን ጥራት ግን አላገኘሁትም።

አባዬ «ፀሐይ ስትገባ አሜሪካ ይቀርባል» ይል ነበር። ቀን ላይ ከምድር በላይ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ያለው የአዮኖስፌር ንብርብር ዝቅተኛ ሞገዶችን ይውጣል፤ ፀሐይ ስትገባ ንብርብሩ ይሳሳና ሞገዱ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ካለው ላይ ነጥሮ ሩቅ አገር ይወርዳል። እኔ ለፈተና ያጠናሁትን እሱ ከስፌት ወንበሩ ሆኖ አውቆታል። በክረምት ማታ፣ አገር ቤት ሊነጋ ሲል፣ 7110 ኪሎኸርዝን እፈልጋለሁ። የኢትዮጵያ ራዲዮ ለረጅም ዓመታት የቆየበት ቦታ ነው፤ ዛሬ ለአማተሮች በተሰጠው ክልል መካከል ስለሚውል የአውሮፓ አማተሮች ቦታችንን ያዘ ብለው ሲያማርሩበት ኖረዋል። እኔ ያው ጣቢያ ቢረብሸኝ ደስታዬ ነው። አንድ ሌሊት ከፉጨት ሥር መሰንቆ የመሰለ ነገር ሰማሁ። ምናልባት የጎረቤት ማቀዝቀዣ ነበር።

በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች ቤታችሁ ቆዩ ተባሉ። በዚያ ሰሞን በሕንጻው አጠገብ አለፍሁ። ሕንጻው ያው ነው። ለአባዬ ብነግረው የሚያምነኝ አይመስለኝም፤ መጀመሪያ ሽቦውን ሊፈትሽ ይወጣ ነበር።

ኢቲ3ኤኤን የሰማሁት ከዚያ በኋላ በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። የሴት ልጅ ድምፅ፣ ወጣት፣ የተማሪ። እንግሊዝኛዋ ውስጥ አማርኛው ይሰማል፤ «ራ»ዋን ጠበቅ ታደርጋታለች። በላይዋ ላይ አውሮፓ በሙሉ ይጮኻል። ቫልቮቹን አግዬ፣ ሁለቱን ቁልፎች አስማምቼ፣ አርባ ደቂቃ ጠራሁ። ማይክሮፎኑን የያዘው እጄ አላበኝ። ላነሣት ያሰብሁት ብዙ ነገር ነበር፤ ደብረ ወርቅን ታውቂያለሽ ወይ፣ ዝናብ አለ ወይ። ስትመልስልኝ ግን ቋንቋ ጠፍቶብኝ የድምፅን ጥራት የሚገልጸውን ቁጥር ብቻ ተናገርሁ፤ አምስት ዘጠኝ። እሷም አምስት ዘጠኝ አለችኝ። ከዚያ በአማርኛ «ጤና ይስጥልኝ» አልሁ። ሞገዱ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ባዶ ሆነ። «ኧረ! ጤና ይስጥልኝ!» አለች፣ እየሣቀች፤ አንድ ጣሊያናዊ መጥቶ ሸፈናት።

ስልኩ በሦስተኛው ቀን ሠራ። ለእናቴ ነገርኋት፤ አንድ ልጅ ከአዲስ አበባ በሽቦ አገኘሁ፣ ያለ ስልክ፣ ያለ ኢንተርኔት።

«እሰይ። ታዲያ ምን ተጫወታችሁ?»

«በደንብ እሰማሻለሁ አልኋት፤ እኔም እሰማሃለሁ አለችኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሌላ ሰው ገባ።»

ትንሽ ዝም አለች። ከበስተጀርባዋ ዶሮ ይሰማኛል፣ የሆነ ሰው ቆርቆሮ ይመታል።

«ሽቦው ረጅም ነው?»

«አሥር ሜትር ነው።»

«አሥር ሜትር ሙሉ! ልብስስ አታሰጡበትም?»